የሚጠበቁ ሰዎች ሰዓት

አባቴ ከአብዮቱ በፊት በላሊበላ አስጎብኚ ነበር። የውጭ አገር እንግዶቹን ማለዳ ከሆቴሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ እነርሱም ዘግይተው ይወጡና የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። ለዓመታት ካጠራቀመው ጉርሻ የወርቅ የስዊስ ሰዓት የገዛው ጊዜን ለማወቅ አልነበረም፤ ጊዜንማ ከጥላው ያውቅ ነበር። ሰዓት ያሰሩት የሚጠበቁ፣ ያላሰሩት ጠባቂዎች መሆናቸውን አስተውሎ ነው። ሰው ውድ ሰዓት ስለሚመኝበት ምክንያት ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ደርግ መጣ፤ ጎብኚዎቹ ቀሩ። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ወደ ቤት ስመለስ፣ ወርቅ የታየበት ክንድ ብቻውን በቂ ክስ ሆኖ ነበር። «ቅበረው» አልኩት። ሰምቶ እንዳልሰማ ወደ ክርኑ ገፋ አደረገውና ጋቢውን ደረበበት።

ቤት ለቤት አሰሳ በተደረገ ዕለት የቀበሌው ካድሬ ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ ገባ። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም። በላስታ ቄስ ወይም ሹም ሲገባ ጋቢን ከትከሻ አውርዶ ማደግደግ ወግ ነው። የአባቴ እጅ ከአእምሮው ቀድሞ ወጉን ፈጸመ። ጋቢው ወረደ፤ ሰዓቱ አበራ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይግቡ፣ ጌታዬ።»

«ጌታ ቀርቷል አባባ፤ ጓድ ይበሉ።» ክንዱን ይዞ ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። «አሁን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ይኼ ዘጠኝ ይላል።»

«በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ለሥራዬ ብዬ...»

«ፈረንጆቹማ ሄዱ! እርስዎ ማንን እየጠበቁ ነው?»

አንደኛው ታጣቂ ሳቀ። ከዚህ ባነሰ ጥያቄ ሰው ተወስዶ ሲቀር አይቻለሁ።

ካድሬው ሰዓቱን አውልቆ በራሱ እጅ ላይ አሰረው። አቅርቦ አየው፤ አርቆ አየው። ፊቱ አባቴ ሰዓቱን ሲያይ የሚኖረውን ፊት መሰለ። ከዚያ የካኪ እጅጌውን ጎትቶ ሸፈነውና ወጣ። ፍርሃቴ እጥፍ የሆነው ያን ጊዜ ነው፤ እጅጌው የሸፈነውን የምናውቅ ምስክሮች ሆነን ቀርተናልና።

ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ወደ ቀበሌ ተጠራ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆመች። ከቀትር በኋላ ተመለሰና የሆነውን ነገረን። ካድሬው ሰዓቱን በአደባባይ ማሰር አልደፈረም፤ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ሲያስቀምጠው ቆሞበታል። በክንድ እንቅስቃሴ የሚሠራ መሆኑን አያውቅም። ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ «አበላሽተው ነው የሰጡኝ!» ብሎ አምባረቀበት። አባቴ ወዝውዞ አስነሳለት።

«ደህና ነው፤ ምንም አልሆነም» አለን። ስለ ሰዓቱ ነበር የሚናገረው።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ በቆመ ቁጥር ይጠሩታል። አንድ ቀን ሳይመለስ እንደሚቀር እኔና እናቴ እርግጠኞች ነበርን። እርሱ ግን ከመሄዱ በፊት የእጁን አንጓ በሳሙና አጥቦ በጥንቃቄ ያደርቃል፤ ሰዓቱ እስኪነሳ ድረስ አስሮት እንዲቀመጥ ይፈቅዱለት ነበር።