በግ የመሰለ ተባይ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ገበያው አጠገብ ወደነበረው ፎቶ ቤት ሥራ የገባሁ ቀን ካሜራ አልነካሁም። ባለቤቱ ጋሽ በላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና ባልዲ አቀበሉኝ። «ማንሳትማ ማንም ያነሳል፤ ሥራው ማጠቡ ነው» አሉ። ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም ነበር። መታወቂያ የሚያወጣው፣ ሥራ የሚያመለክተው፣ ለትምህርት የሚመዘገበው ሁሉ ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል። ያን ቀን የሰው ፊት ሳለቀልቅ ዋልኩ።

ማዕረግ ነበረን፤ እንዳትስቁ። አጣቢ ፊልሙንና ወረቀቱን ያጥባል። አታሚ በማሳደጊያው መሣሪያ ኔጌቲቩን ወረቀት ላይ ያወርዳል። አንሺ ካሜራ ይይዛል፣ ሠርግ ቤት ሲሄድም ጥሬ ሥጋ ይቆረጥለታል። እኔ ከአጣቢነት ወደ አታሚነት የወጣሁት ብዙ ወረቀት አበላሽቼ ነው። አንሺ የሆንኩት ደግሞ ጋሽ በላቸውን ወገባቸውን ሲያማቸው ነው። ሌላው በችሎታው ያድጋል፤ እኔ በሰው ወገብ አደግሁ።

ነፍሳትን ወደ ማንሳት ያስገባኝ ሥራ መፍታት ነው። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለ የፎቶ ቤት ሥራ ዝንብ እሽ ማለት ነው። ከሩሲያው ካሜራ ጋር በሣጥኑ የመጡ ሦስት የብረት ቀለበቶች ነበሩ። ጋሽ በላቸው የደረቀ ፎቶ እንዳይጠቀለል መጫኛ አድርገዋቸዋል። አንድ ቀን በካሜራውና በሌንሱ መካከል አስገብቼ አጠበቅኋቸውና መስኮቱ ላይ ወዳረፈች ዝንብ ተጠጋሁ። ዓይኗ ወንፊት አክሎ መጣብኝ። ደንግጬ ወደ ኋላ አልኩ።

ጋሽ በላቸው ለካ ከኋላዬ ቆመዋል። «ዛሬ ደንበኛ አገኘህ?» አሉኝ። «ጠይቃት እንጂ፤ ጉርድ ነው ሙሉ ቁመት?» ፊልም ለዝንብ አባከንክ ብለው ሳምንቱን አኮረፉኝ። ቀለበቶቹን ግን መልሰው አልወሰዱብኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሦስቱም ቀለበት ከገባ በኋላ የሌንሱን ማዞሪያ ብታዞሩት ባታዞሩት ያው ነው፤ ፎከስ የሚደረገው በወገብ ነው። ወደ ፊት ትንሽ፣ ወደ ኋላ ትንሽ። ዓይኑ ሲጠራ እግሩ ይደበዝዛል፤ እግሩ ሲጠራ ዓይኑ ይጠፋል። ስለዚህ የትኛውን እንደምትፈልጉ ሳታውቁ አትጠጉ። ትንፋሽ ይወጣል፣ ይያዛል፣ ከዚያ መጫን ነው። ፍላሹ እንዳያነጣው የነጠላ ቁራጭ አለብሰው ነበር። በጥላው በኩል ደግሞ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት አቆማለሁ።

ጠዋት ፀሐይ ሳትሞቃቸው ነፍሳት ሰነፎች ናቸው፤ ያኔ ቶሎ መድረስ ነው። ጥላችሁን ከጣላችሁባቸው ግን አለቀ፣ ወደ ቤት ግቡ። የአርባ ምንጭ ሙቀት ደግሞ ለስንፍና ጊዜ አይሰጥም። እኔም ብልሃት አገኘሁና ፌንጣውን በብርጭቆ ከድኜ ፊልም የምናስቀምጥበት ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ጀመርኩ። በርዶት ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ እንደ ጨዋ ልጅ ይቀመጣል። ጋሽ በላቸው አንድ ቀን አምቦ ውሃቸውን ሊያወጡ ከፍተው ከፌንጣው ጋር ተፋጠጡ። «ይሄም ቤት ተከራየ?» ብለው ዘጉት። አምቦ ውሃውንም ተዉት።

አንድ እሁድ ጫሞ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ ከሚያወርዱት ሰዎች ዘንድ ሄድኩ። ሸምበቆ ላይ የምታርፍ ቀይ የውሃ ተርብ ነበረች፤ እሷን ብዬ በሆዴ ተኛሁ። አንድ ጀልበኛ መረቡን እየጠገነ ሲያየኝ ቆየ። «ወንድሜ፣ አዞ ሊያነሳ የሚመጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ» አለኝ። «አዞ እያየው ተርብ የሚያነሳ ግን ከአንተ በፊት አላየሁም።» ቀና ብል እውነቱን ነው፤ አዞው ውሃው ጠርዝ ላይ ተጋድሞ ያየኛል። ካሜራውን እንዴት እንዳነሳሁት አላስታውስም። ሩጫዬን ግን ጀልበኞቹ ከርመው አወሩት።

ከዚያ ሁሉ ልፋት ጋሽ በላቸውን የገዛቸው አንድ የጉንዳን ፎቶ ነው። ራሳቸው አሳድገው መስኮቱ ላይ ከሙሽሮቹ ጎን ሰቀሉት። ቆሞ የማያየው አልነበረም። ከቆሙት አንዷ ወይዘሪት ሮማን ናት፤ ተመርቃ ከአዲስ አበባ ለግብርና ሥራ የተመደበች የሰብል ተባይ ባለሙያ። ገብታ «ይህን ያነሳው ማን ነው?» አለች። ጋሽ በላቸው በአገጫቸው ጠቆሙኝና «ያ ሥራ ፈት» አሏት። «እኔ ዘንድ ሥራ አለው» አለች።

ሥራው ደጋው ላይ፣ ገረሴ ነበር። እትዬ አልጋነሽ የምትባል ሴት እንሰቷ እየደረቀባት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ጓሮ ነው፤ እንሰት ከሌለ ቆጮ የለም፣ ቆጮ ከሌለ ቤቱም የለም። መድረቁ ሳያንስ የባሏ ወንድም ነገር አስነሳባት። «የዚያ ቤት ሰው ጎሜ ሠርቷል» አለ። ጎሜ የአገሩን ደንብ መጣስ ነው። ሲጣስ እህል ይከዳል፣ ከብት ይሞታል፤ ካልተናዘዙ አይለቅም ይባላል። ወንድምየው መሬቱ ወደ እሱ እንዲመለስ ይፈልጋል። ነገሩ ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት ሜዳ፣ በዱቡሻው ቀርቦ ነበር።

ወይዘሪት ሮማን የእንሰቱን ሥር ቆፍራ ነጭ ተባይ አግኝታለች። ሥሩ ላይ ተጣብቆ የሚመጥ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነገር ነው። ወስዳ ብታሳያቸው ሽማግሌዎቹ «ሻጋታ ነው» አሏት። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚታያቸው ዱቄት ብቻ ነው። ሻጋታ ደግሞ ከሞተ በኋላ ይመጣል እንጂ አይገድልም። «ነፍስ እንዳለው አሳይልኝ፤ ካልሆነ ሴትዮዋ ከቤቷ ትወጣለች» አለችኝ።

በጭነት መኪና ወጣን። ገረሴ በጉም ተሸፍና ጠበቀችን፤ ሌንሱን ስጠርግ ጉሙ ተመልሶ ይቀመጥበታል። እትዬ አልጋነሽ ራሷ ዶማ አንስታ አንዱን እንሰት ነቀለችልን። ሥሩን እያራገፈች «የኔ ወንድም፣ ይሄ ሣጥን እውነት ያወጣል?» አለችኝ። «ያየውን ያወጣል» አልኳት። ያኔ ጥሩ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ነበር።

ከተባዮቹ ሁሉ የወፈረውን መርጬ ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩት። ጀርባው ነጭ ሰም የለበሰ፣ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው፣ ያማረ ነገር ነው። ከላይ አነሳሁት። ማታ ፎቶ ቤት ተመልሼ አጥቤ ሳሳድገው ነጭ ገላው ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ጋሽ በላቸው «ወይ ጉድ፣ ሙሽራ አስመሰልከው» አሉኝ። እንደዚያ ፎቶ የኮራሁበት ሥራ አልነበረኝም።

ፎቶውን ይዘን ገረሴ ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ዱቡሻው ላይ የሰላም ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው ተቀምጠዋል። ነገሩን የሚመሩት አባባ አንጁሎ ናቸው። ፎቶውን ተቀበሉ፣ አራቁት፣ አቀረቡት፣ ዘቀዘቁት። ንግግሩ በጋሞኛ ነው፤ እናቴ የጨንቻ ሰው ስለሆነች እሰማለሁ።

«ይህ ከእንሰት ሥር ወጣ ነው የምትለው?»

«አዎ አባባ።»

«ልጄ፣ እኛ ሥር ስንቆፍር ነው ያረጀነው። እንዲህ ያለ ብናገኝ አርደን እንበላው ነበር።»

ሜዳው በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሳይበርድ ወንድምየው ተነሳ። «በግ ነው» አለ። «ነጭ በግ። የጎረቤት ነጭ በግ ጠፍቶ ወንድሜ ተጠርጥሮ አልነበረም? ይኸው ጎሜው ራሱ ወጣ።» ከኋላ ያሉት ሊያዩ ተነሱ፤ ያየው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። እውነትም የተኛ በግ ይመስላል። እትዬ አልጋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች። ላግዛት ያመጣሁት ፎቶ የሞተ ባሏን ሌባ አደረገው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባባ አንጁሎ ሣራቸውን ከፍ አድርገው ሰዉን አስቀመጡ። «በግም ይሁን ሌላ፣ እኔ አላወቅሁትም። ባላወቅሁት ነገር አልፈርድም» አሉና ነገሩን ለሌላ ቀን ቀጠሩት።

ስንመለስ ወይዘሪት ሮማን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም ከራሴ ጋር እየተጣላሁ ነበር፤ መሃል መንገድ ላይ ገባኝ። እኔ ቀለበቶቹን አውቃለሁ፤ ተባዩ ምን ያህል እንደገዘፈ አውቃለሁ። እሳቸው በምን ይወቁት? ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ከተባዩ በቀር ምንም የለም። ከላይ ስላነሳሁት ደግሞ እግሩ እንኳ አልታየም።

ሌላ ቀን ተመልሰን አባባ አንጁሎ ቤት ሄድን። «አባባ፣ አውራ ጣትዎን ያውሱኝ» አልኳቸው። የግራ አውራ ጣታቸውን ጥፍር ድሮ መጥረቢያ ሰንጥቆታል፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከተባዩ ጎን ቢቀመጥ መጠኑን የሚስት ሰው አይኖርም።

አሰቡበት። «ነገሩ ሳያልቅ ከእሷ ጓሮ የወጣ ነገር አልነካም፤ ደንብ ነው» አሉ። ወይዘሪት ሮማን ተስፋ ቆርጣ ካሜራውን እንዳስገባ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር። «ከፈለጋችሁ የእኔን ጓሮ ቆፍሩ። የእኔ እንሰት ጤነኛ ነው፤ ምንም አታገኙም። ባዶ እጃችሁን ስትሄዱ ግን እንዳትቀየሙኝ።»

እንሰታቸው በእርግጥ ያምራል፤ ቅጠሉ ቤቱን አልብሶታል። ወይዘሪት ሮማን ከአንዱ ግርጌ በቀስታ ቆፈረች። አንድ ሥር ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ። «አፈር ነው» አሉ አባባ አንጁሎ፤ ጣታቸውንም ሳይጠራጠሩ አጠገቡ አስቀመጡት። አሁን ከላይ አላነሳሁም። በሆዴ ተኝቼ ከጎን ገባሁ። እግሩን መረጥኩ፣ ጀርባው ይደብዝዝ ብዬ ተውኩት። አንዱ ተባይ ከሥሩ ተላቆ ወደ ጥፍራቸው መራመድ ጀመረ። ትንፋሼን አስወጥቼ ተጫንኩ።

ይህን ሳትመው ጋሽ በላቸው አላሞገሱኝም። «ውበት የለውም» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ግን ይናገራል» አሉኝ።

በቀጠሮው ቀን ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «ይሄማ የአንጁሎ ጥፍር ነው» አለ አንዱ ሽማግሌ፤ ሌሎቹም ስንጥቁን እያዩ ሳቁ። ከዚያ ከጥፍሩ አጠገብ ያለውን አዩት። ትንሽ ነው፣ እግር አለው፣ ይሄዳል። ሻጋታ አይሄድም። በግም ጥፍር ላይ አይወጣም። ወንድምየው ግን አልተሸነፈም። «እሱማ ከእሷ ጓሮ የወጣ ነው። ጎሜው ያመጣው ነው» አለ።

ከየት እንደወጣ የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን። አፌን ስከፍት ወይዘሪት ሮማን ጃኬቴን ያዘችኝ። አባባ አንጁሎ ፎቶውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ዝም ብለው ሊቀሩ ይችሉ ነበር፤ ማንም አይጠይቃቸውም። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።

«ጥፍሩ የእኔ ነው» አሉ። «ሥሩም የእኔ ነው።»

ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ።

«ጎሜ ከሆነ በእኔም ጓሮ አለ። አሁን ሁላችሁም ቤታችሁ ሂዱና ቆፍሩ። ንጹሕ ሥር ያገኘ ሰው መጥቶ ይክሰሳት።»

የመጣ ሰው የለም። ወንድምየውም አልመጣም።

እትዬ አልጋነሽ ፎቶውን ተቀብላ ብዙ አየችው። «ባሌን ሌባ ያስባለው ይሄ ነው?» አለች፤ እንባዋም መጣ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። የታመመውን ነቃቅላ አስወገደች፤ ወይዘሪት ሮማን ከሌላ ቦታ ንጹሕ ችግኝ አመጣችላት። ከጓሮዋም አልወጣችም።

ከዚያ በኋላ ለግብርና፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ ብዙ ነፍሳት አነሳሁ፤ እስከ ካምባ ድረስም ጠርተውኛል። የዛሬ ልጆች በስልክ የምታነሱት ከእኔ ሦስት ቀለበት ይበልጣል፤ እቀናለሁ። ከዕድሜዬ የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው። ትንሽ ነገር አግዝፋችሁ ስታነሱ፣ የሚያየው ሰው የሚያውቀውን አንድ ነገር አጠገቡ አስገቡ።