አሻፈረኝ ያለው የምዝገባ ገጽ

ልጄ በነርስነት ተመርቃ ቤት መዋል ከጀመረች ቆይታለች። በዚያ የግንቦት ቀን የአንድ ሆስፒታል የሥራ ምዝገባ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊዘጋ ነው ተባለ። የሚመዘገበው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ቆቦ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። የእሷ ስልክ ባትሪው አልቋል፤ ኢንተርኔት ቤቶቹም ተዘግተዋል። የኔው ስልክ ግን ሙሉ ነው፤ ለእኔ ማን ይደውልልኛል?

«አምጣው እስቲ አባዬ» አለችኝ። እርሻ እንዳወረሰ ሰው እየተንጎራደድኩ ሰጠኋት።

ገጹ አልከፈት አለ። ቀይ ምልክት ብቅ ይልና «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። የማሽላ ዋጋ የማይበት ያረጀ ገጽ ግን ወዲያው ተከፈተ።

«ኔትወርኩማ አለ» አለች። «እምቢ ያለው ይሄ ብቻ ነው።»

ስልኩን አጥፍታ አበራችው። ብራውዘሩ ያጠራቀመውን ሁሉ አጸዳች። በሌላ ብራውዘርም ሞከረች። ያው ቀይ ምልክት።

እኔ መቼ ዝም እላለሁ! «አብሽሪ፣ አንቴናው ርቆን ነው» ብዬ በባጃጅ ወደ ዋጃ መውጫ ወሰድኳት። እዚያም ያው። «እንግዲያው ሥራውን ለዘመዶቻቸው ይዘውት ነው» አልኩ።

«አባዬ፣ በናትህ ዝም በልልኝ!»

ዝም አልኩ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ስንት ሰዓት እንደቀራት ለማየት ሰዓትና ቀን የሚታይበትን የስልኩን መጋረጃ ከላይ ወደ ታች ሳበችና ደርቃ ቀረች።

«ይሄን ቀን ማን ነው የነካው?»

«እኔ ነኛ!» ደረቴን ነፋሁ። «በፈረንጅ እየቆጠረ ስምንት ዓመት ሊያስረጀኝ! ራሴ በእኛ ዓመተ ምሕረት አስተካከልኩት፤ ያለ ማንም ርዳታ።»

ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። «አባዬ፣ ገጹ ማረጋገጫ አለው። ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል በፈረንጅ ቀን ተጽፎበታል። ስልክህ ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለሆነ፣ ለሱ ማረጋገጫው ገና አልተሰጠም። ሐሰተኛ ነው ብሎ ነው የሚያባርረው።»

«ምስኪን! እኔን አምኖ እኮ ነው።»

አልሳቀችም። ቀኑን ወደነበረበት መለሰችና ገጹን ነካችው። ተከፈተ! አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ባጃጁ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስሟን፣ ትምህርቷን፣ ውጤቷን ሞላች። «ላክ» የሚለውን ተጫነች። ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። ሾፌሩ እንኳ ሞተሩን አጠፋ። እኔ የማውቃቸውን ታቦታት ሁሉ በሆዴ ጠራሁ፤ ከድንጋጤዬ ብዛት ሁለት ጊዜ የጠራሁትም ሳይኖር አይቀርም።

«ተመዝግበዋል» አለ ስልኩ።

ልጄ የባጃጁን ብረት ይዛ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ዞር አለችብኝ።

«ሌላስ የነካኸው ነገር አለ?»

ትንሽ አሰብኩ። መልሴን ሳትጠብቅ ስልኩን የራሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው።