አባቴን የሚጥል ሰው ሲጠፋ

ልብስ ስፌት በጀመርኩ ዕለት አባቴ መጀመሪያ ያስተማሩኝ አወዳደቅ ነው። ደባርቅ ገበያው ዳር ባለችው ሱቃችን፣ ገና ክሩን ከመርፌው ሳላገናኝ ኮሌታዬን ያዙና የገለባ ፍራሽ ላይ በጀርባዬ አሳረፉኝ። "አገጭህን ወደ ደረትህ፤ በእጅህ መሬቱን ምታው" አሉኝ። ከዚያ ቁልፍ እንድተክል ሸሚዝ ሰጡኝ።

ጁዶን ቤታችን ያስገባው ስፌት ነው። ከአብዮቱ በፊት ተራራው ላይ ባለው የዱር አራዊት ፓርክ የሚሠራ አንድ ፈረንጅ የተቀደደ የጁዶ ጃኬት ሊያሰፋ ጨነቅ ካለው ሰፈሩ መጣ። አባቴ የኮሌታውን ድርብርብ ስፌት እያገላበጡ "ይኸን የቀደደው ምን ዓይነት ጉልበት ነው?" አሉት። ፈረንጁ በአማርኛ ማስረዳት ሲያቅተው ጣላቸው። ክረምቱን ሙሉ አስተምሯቸው አገሩ ገባ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ጠዋት ጠዋት የሱቁን ምሰሶ ካፖርት አልብሰው ሲታገሉት ኖሩ። የቸገራቸው ተጋጣሚ ነው። በአገራችን ሽማግሌ መጣል ነውር ስለሆነ ሰው ሁሉ ሳይነኩት ይወድቅላቸዋል። ከዳባት የመጣ አንድ ጎረምሳማ ገና ኮሌታውን ሲይዙት ተኛ፤ ተነሥቶም ጉልበታቸውን ስሞ ሄደ። እኔማ ልጃቸው ነኝ፤ እርግማን እፈራለሁ።

"አክብራችሁኝ ደንቆሮ ሆኜ ልሞት ነው" ይሉን ነበር።

በደርግ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሞላ የካኪ ልብስ ሊያሰፋ መጣ። ወጣት ነው። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ከነጠመንጃቸው ተከትለውታል። "ጓድ ሰፊ፣ ጁዶ ታውቃለህ አሉ። እስቲ አሳየኝ" አለ። አባቴን አንተ ሲላቸው እኔ ደሜ ፈላ፤ የእሳቸው ፊት ግን በራ።

"መጀመሪያ እጅ እንነሣሣለን" አሉት፣ ጎንበስ እያሉ።

"እጅ መንሣት የፊውዳል ርዝራዥ ነው። ቀርቷል።"

"ያለሱ ጁዶ የለም።"

ከዚህ ባነሰ ቃል የታሰረ ሰው ስለማውቅ ዓይኔ ጠመንጃዎቹ ላይ ሄደ። አባቴ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። "እንግዲያው ቦላሌዎን ልለካ" ብለው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አጎነበሱ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ግርጌው እዚህ ይብቃ? ይመልከቱት።"

ሊቀመንበሩ ሊያይ ጎንበስ አለ።

"በቃ፣ ሁለታችንም አጎንብሰናል" አሉና ገለባው ላይ አነጠፉት።

ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጓድ ሞላ ተነሥቶ ገለባውን ከልብሱ አራገፈና "ድገመው" አለ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከስብሰባ መልስ ይመጣ ጀመር። የእጅ መንሣቱንም ስም "ልኬት" አሉትና አብዮቱ ሳይነካ ቀረ።

ጓድ ሞላ ብዙ ከወደቀ በኋላ አንድ ቅዳሜ አባቴን ከወገቡ ላይ አዙሮ ጣላቸው። መቀሴን ጥዬ ሮጥኩ።

"አባባ፣ ተጎዱ እንዴ?"

አባቴ በጀርባቸው እንደተንጋለሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ይስቃሉ። "ለካ ስዞር ግራ እግሬ ይዘገያል" አሉ። "ይኸን ሁሉ ዘመን ማንም አልነገረኝም። ተመስገን።"

ሱቁን ከተረከብኩ ወዲህ ለማጅ ስቀጥር የምለው አንድ ነገር ነው፦ ስፌቴ ተጣሞ ካየህ ንገረኝ። አክብሮኝ ዝም የሚል ለማጅ አልፈልግም።