አባቴ የጠበቁት መብራት

አባቴ በወጣትነታቸው ወታደር ሳሉ ምጽዋ ላይ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየውን የማማ መብራት ጠብቄአለሁ ይሉ ነበር። አገራችን ላስታ፣ ብልባላ ገበያ ላይ ይህን የሚያምናቸው ሰው አልነበረም። «ዛሬ መርከቡ ስንት ሰዓት ይገባል?» እያሉ ይቀልዱባቸዋል፤ እሳቸው ገበያቸውን ይቀጥላሉ። እኔ ግን ደሜ ይፈላል፣ ስንቱን ሰው ተጣልቼላቸዋለሁ መሰላችሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ቤት ስገባ እኔም አላምናቸውም ነበር። ፎቶ የለ፣ ወረቀት የለ፤ የላስታን ገበሬ ማን ባሕር ላይ ያቆመዋል?

ዓይናቸው ከደከመ በኋላ፣ ወደ ምጽዋ የሚያሻግረው ድንበር የተከፈተ ሰሞን፣ «እስቲ ሄደሽ እዪልኝ» አሉኝ። እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም። ሄድኩ።

የምጽዋ ሙቀት ያፈዛል። ሰማዩና ውሃው አንድ ላይ ነጥተው፣ ማማው መሬት የነካ አይመስልም። የምራመደው እኔ ልሁን ሌላ ሰው ሳይገባኝ በሩ ላይ ደረስኩ። በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ውስጡ ጨለማ። ቀዝቃዛው አየር ፊቴን ሲነካኝ አገራችን ያለው ከዐለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን፣ ገነተ ማርያም፣ የገባሁ መሰለኝ፤ ሳላስበው ጫማዬን አውልቄ መቃኑን ተሳለምኩ።

ወዲያው ባነንኩ። ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ ትክ ብለው ያዩኛል። እንዴት እንዳፈርኩ! ይስቁብኛል ስል አልሳቁም፤ ከየት እንደመጣሁ በአማርኛ ጠየቁኝ። ከላስታ አልኳቸው።

«እዚህ በር ላይ ጫማውን የሚያወልቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር» አሉ። «ልጅ ሆኜ አብሬው ሠርቻለሁ። መብራት ያለበት ቤት በጫማ አይገባም ይል ነበር። እኛ እንስቅበት ነበር።»

ስሙንም ነገሩኝ። የአባቴ ስም ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ በባዶ እግሬ እስከ ላይ ወጣሁ። መብራቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ መስታወቱ ላይ ጨው ጋግሯል። ከሥር ባሕሩ ዝም ብሎ ተኝቷል። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም።

ብልባላ ስመለስ አባቴ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ማማውን፣ ጨዉን፣ የጫማዬን ነገር ሁሉ አጫወትኳቸው። እየሳቁ ሰሙኝ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። እኔም አላምንዎትም ነበር።»

እጃቸውን ዘርግተው በዳበሳ ጉንጬን አገኙት።

«አውቃለሁ» አሉ። «የገበያው ሰው መች ገዶኝ፤ የላክሁሽ እኮ አንቺ እንድታምኚኝ ነው።»