የማሰራጫው ፈሳሽ የት ገባ? ከአዲስ አበባ ከሚሴ ደርሶ መልስ

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ መናኸሪያ ስነሳ የያዝኩት የመሣሪያ ሳጥን፣ ሁለት ጥቅል ሶፍትና አንድ የማልወደው ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ከሚሴ ሄጄ ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ የተተከለውን የሬዲዮ ማሰራጫ እንድመረምር ያዛል። ማሰራጫው ሲሠራ ክፉኛ ይግላል፤ ስለዚህ እንደ መኪና ራዲያተር ሰማያዊ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በቱቦ ይዞርበታል። ይህ ፈሳሽ በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ጎድሏል። ከቱቦዎቹ ሥር ወለሉ ላይ የተዘረጋ ቢጫ ጠቋሚ ገመድ አለ፤ ጠብታ ሲነካው መጮህ ነበረበት። አንድ ቀን እንኳ አልጮኸም።

አለቃዬ ነገሩን በአጭሩ ነበር የዘጋው። «ፈሳሽ ጎደለ፣ ጠቋሚው ዝም አለ። ስለዚህ አልፈሰሰም፣ ተቀድቷል። ሚኒባስ ያለው ሁሉ ይፈልገዋል። ቁልፍ ያለው ደግሞ ዘበኛው ብቻ ነው። ፍሳሽ ካላገኘሽ የለም ብለሽ ጻፊ፤ ይሰናበታል።»

እኔ የማታ ትምህርቴን የጨረስኩት ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ተቀምጬ ነው። ያልገባኝን ነገር ደግሜ ካላነበብኩ አልተውም። የአለቃዬን ሐሳብ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ በአእምሮዬ ሳገላብጠው ሄድኩ፤ ስህተቱን አላገኘሁትም፤ ትክክል ነው ለማለትም አልቻልኩም።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ዋሻውን አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ ተሳፋሪው ቆሎ ለመግዛት በመስኮት ተንጠራራ፤ እኔም በአምስት ብር ገዛሁ። ከዚያ ቁልቁል ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሰንበቴንና አጣዬን ስናልፍ ወበቁ መቀመጫው ላይ አጣበቀኝ።

ከሚሴ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል

የባጃጁ ሾፌር ወዴት እንደምሄድ ስነግረው ሳቀ። «ጋሽ ይማም ጋ? ጫማሽን ለማውለቅ ተዘጋጂ፣ እህቴ። እሳቸው ዘንድ አቧራም በፈቃድ ነው የሚገባ።» ኮንትራት ስልሳ ብር ጠይቆ በሃምሳ ተስማማን። አቀበቱን ስንወጣ የጨፋ ሸለቆ ከበታች ተዘረጋ፤ ማሽላው ቢጫ ሆኗል፣ የቦርከና ወንዝ በመካከሉ ይጠማዘዛል።

ዘበኛው ጋሽ ይማም ስልሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ናቸው። «አካም ኦልቴ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ፤ መልሱ እንደጠፋኝ ሲያዩ ወደ አማርኛ ዞሩ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ወለሉ ያብረቀርቃል። ማዕዘኑ ላይ የተጠቀለለ መስገጃ አለ።

«ጋሽ ይማም፣ ከዚህ ማሽን ፈሳሽ ሲፈስ አይተው ያውቃሉ?»

«ወላሂ፣ ፈሶ አያውቅም። ካላመንሽ ወለሉን ላሺው።»

«ለምን እንደመጣሁ ያውቃሉ?»

«ከተማው ሁሉ ያውቃል። ይማም የማሽን ውሃ ይሸጣል ተብያለሁ። ጨፋ ሮቢት ገበያ ሰው ሰላም የሚለኝ ጀሪካኔን እያየ ነው።» ይህን ሲሉ እኔን አላዩም፤ ማሽኑን ነበር የሚያዩት።

ሃያ አራት የቱቦ መጋጠሚያ ቆጠርኩ። እያንዳንዱን በባትሪ አየሁ፣ በጣቴ ዳሰስኩ። ፈሳሹ ሲደርቅ የሚያሙለጨልጭ ነገር ይተዋል፤ ያም የለም። የግፊት መለኪያው ግን ባለፈው ከተመዘገበው ወርዷል። ወለሉ «አልፈሰሰም» ይላል፣ መለኪያው «ጎድሏል» ይላል። ሁለቱም ይዋሻሉ ለማለት ምክንያት የለኝም። ጋሽ ይማምም የሚዋሹ አልመሰለኝም፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር በሪፖርት አይጻፍም።

በመጨረሻ ሶፍቱን ቆራርጬ፣ በእርሳስ ቁጥር እየጻፍኩ፣ በየመጋጠሚያው ላይ ጠመጠምኩ። እስኪመሽ ሃያ አራቱም ደረቅ ነበሩ። እንዳሉ ትቻቸው ወደ መኝታዬ ወረድኩ።

ማክሰኞ፣ አንድ ሰዓት

ጠዋት ስገባ አንድም ሶፍት የለም። ማሽኑ ተወልውሎ ያበራል።

«ጋሽ ይማም፣ ወረቀቶቼስ?»

«ጣልኳቸው። ማሽኑ ሙሽራ መስሎ ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ እርጥብ ነገር ደግሞ አልወድም።»

«እርጥብ አሉ?»

«አንዱ ርሷል።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ከፍ ያለ ይመስለኛል። ሁለታችንም ውጭ ያለው የቆሻሻ በርሜል ላይ አጎነበስን። ከሽንኩርት ልጣጭ ሥር አገኘነው፤ ሰማያዊ ሆኗል፣ በእርሳስ የጻፍኩት አሥራ አንድ ይነበባል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ላቡ ነዋ።»

«የምን ላብ?»

«የማሽኑ። ቀኑን ሙሉ ግሎ ይውላል፤ ሌሊት ስርጭቱ ሲቆም ይበርዳል፣ ያልበዋል። ንጋት ላይ ሱብሂ ከመስገዴ በፊት እወለውለዋለሁ። በእርጥብ ላይ ይሰገዳል እንዴ?»

«ሰማያዊ ላብ አይተው ያውቃሉ?»

«የፈረንጅ ማሽን ነው፤ ምን አውቄ።»

አሥራ አንደኛውን መጋጠሚያ ፈታሁት። የጎማ ቀለበቱ ደርቋል። ሲሞቅ ያብጥና ይዘጋል፤ ሲበርድ ይኮማተርና ያንጠባጥባል። ቀን የሚመጣ መርማሪ ሁሉ ደረቅ ቧንቧ ነው የሚያገኘው፤ ንጋት ላይ ያለውን ጠብታ ጋሽ ይማም ይጠርጉታል። ቀለበቱን ቀየርኩ። ግን ገመዱ ለምን አልጮኸም?

ጎንበስ ብዬ ፈለግሁት፤ ወለሉ ላይ የለም። በቃጫ ክር፣ በአንድ ክንድ ልዩነት፣ ግድግዳው ላይ ተስተካክሎ ታስሯል። እንደዚያ የተዋበ እስር አይቼ አላውቅም።

«ማን ነው የሰቀለው?»

«እኔ። ውሃ ሊነካው ነበራ። ማስታወቂያውን አላየሽውም?»

በሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል፦ «ማንኛውም ገመድ ውሃ እንዳይነካው ጥብቅ ጥንቃቄ ይደረግ።» ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አምና ለሁሉም ጣቢያዎች የተላከ ነው። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። «ጥብቅ» የሚለውን ቃል የጨመርኩበት ቀን ትዝ አለኝ።

ገመዱን ፈትቼ ወለሉ ላይ ዘረጋሁና ከኮዳዬ ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ጩኸቱ ጋሽ ይማምን ወደ በሩ አሸሻቸው።

«እንግዲህ ስሜን ትጽፊዋለሽ?» አሉኝ ሲረጋጉ።

«አላውቅም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ብተወው ውሸት ነው፤ ብጽፈው አለቃዬ ከሌባ ወደ መሣሪያ አበላሺ ያዛውራቸዋል።

«አብሽሪ» አሉኝ። እኔን ማጽናናታቸው የባሰ ግራ አጋባኝ።

ረቡዕ፣ የመልስ መንገድ

አውቶቡሱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ የቀረው ይህ ነበር፦ «ፈሳሹ በአሥራ አንደኛው መጋጠሚያ ይፈስ ነበር። ጠቋሚ ገመዱን ከወለሉ ያነሡት ዘበኛው ናቸው። ያነሡት የተለጠፈውን ትእዛዝ አክብረው ነው። ትእዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቢሮ ገብቼ ሳስረክበው አለቃዬ የመጨረሻውን መስመር በጣቱ ነካው። «ይቺ ምን ታደርጋለች? አውጫት።»

«እሷ ከወጣች ሦስተኛው መስመር አይቆምም።»

ሪፖርቱን ከላይ ጀምሮ አንብቦ ፈረመ። ጋሽ ይማም በሥራቸው ቀሩ፤ ለእኔ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፋይሌ ውስጥ ገባ።

ከጉዞው የተማርኩት ምንድን ነው ብባል ጥርት አድርጌ መናገር አልችልም። ደረቅ ወለል ሳይ ማን ወለወለው ብዬ እጠይቃለሁ። ቤቴ ገብቼ አዲስ ማስታወቂያ መጻፍ ያዝኩ፤ አራት ወረቀት ቀደድኩ። አምስተኛውን ለጋሽ ይማም ደውዬ አነበብኩላቸው፦ «ወለሉ ላይ ያለው ቢጫ ገመድ ውሃ እንዲነካው የተዘረጋ ስለሆነ አይነሣ።»

መለሱልኝ፦ «ጥሩ ነው። እንግዲያው ንጋት ላይ ሲረጥብ ልወልውለው ወይስ ልተወው?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። «ይጠብቁኝ» አልኳቸውና ስድስተኛውን ወረቀት ሳብኩ።