አስራ አንድ አንዶች

ባለቤቴ ቁጥር መቺ ነበር። በየቤቱ በር ላይ የሚሰቀለውን የቆርቆሮ ቁጥር የሚሠራ ሰው ማለቴ ነው። ሱቁን ከመኝታችን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ስለነበር ጠዋት የምነቃው በመዶሻው ድምፅ ነው። ዛሬ ዝም ባለ ቤት ስነቃ ምን እንደጎደለብኝ እስካስታውስ ትንሽ ጊዜ ይፈጅብኛል።

ሥራ ሲጀምር እጁን የሚያሟሸው በቁርጥራጭ ቆርቆሮ ላይ "1"ን ደጋግሞ በመምታት ነበር። ቁርጥራጩ በአንድ መስመር፣ እንደ አንድ ረጅም ቁጥር፣ አስራ አንድ አንዶች ይይዛል። አንድ ቀን፣ ገና ወጣት ሳለን፣ ትክ ብሎ አየውና "ይሄ ቁጥር ለስንት ይካፈል ይሆን?" አለኝ።

እኔ ያኔ ቁጥር አላውቅም። "ለጎረቤት አካፍለው" አልኩት። ሳቀ፤ ነገሩን ግን አልተወውም።

ለሁለት አይካፈልም፣ ጎዶሎ ነው። ለሦስትም እንደዚያው፤ አሃዞቹ ሲደመሩ አስራ አንድ ናቸው፣ አስራ አንድ ደግሞ ለሦስት እኩል አይወጣም። ሦስት አንዶች ለሦስት፣ አራት አንዶች ለአስራ አንድ ይካፈላሉ። ዘጠኝ አንዶች በራሳቸው ሲባዙ ከአንድ ተነስቶ እስከ ዘጠኝ የሚወጣ፣ ከዚያ መልሶ እስከ አንድ የሚወርድ ቁጥር ይሰጣሉ። ይህን ሁሉ የዘመዶቹን ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነበር የሚነግረኝ። የእሱ አስራ አንድ አንዶች ግን እምቢ አሉ። ከሥራ በኋላ በጠመኔ እያካፈለ ከትንሹ ወደ ትልቁ ወጣ። ልጆች ተወለዱ፣ አደጉ፤ እሱ ሺህን አለፈ፣ አስር ሺህን አለፈ። "ከራሱና ከአንድ በቀር ማንም አይገባበትም" ማለት ጀመረ፣ የራሱን ልጅ እንደሚያሞግስ።

"አስራ አንዱ፣ ዛሬስ ተካፈለልህ?" ይሉታል ጎረቤቶች።

"እናንተ ትካፈላላችሁ እንጂ እሱ አይካፈልም።"

በኋላ ዓይኑ ደከመ፤ ጭራሽም ጠፋ። ልጃችን "አባዬ፣ ስልኬ እኮ ባንዴ ይነግርሃል" ስትለው "በሰርጌ ሌላ ሰው ይጨፍርልኝ?" አላት። ለእኔ ብቻ ነው የተናዘዘው፦ "ሳላውቀው እንዳልሞት ነው የምፈራው።"

ስለዚህ ጠመኔውን እኔ ያዝኩ። አሃዞችን የለየሁት ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ እጁን እያየሁ ስለነበር ሁሉንም ተገልብጠው ነው የማውቃቸው። ስድስትና ዘጠኝ ይምታቱብኛል። እሱ ራሱ ለሁለቱም አንድ ብረት ነበረው፣ እየገለበጠ የሚመታው። "አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ከየት ቆመሽ ነው ያየሽው?" እያለ ይስቅብኛል። አካፋዩን ይነግረኛል፣ እሠራለሁ፣ ስጨርስ "ስንት ተረፈ?" ይላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ "ሃያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዘጠኝ" አለኝ። ሠራሁት። ምንም አልተረፈም።

"ስንት ተረፈ?"

"ሦስት" ብዬ ባልፈው ማን ያውቅብኛል? ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ እየጠበቀ ነበር።

"ምንም" አልኩት።

"ዘጠኙን ስድስት አርገሽው ነው።"

"አላረግኩትም።"

"እንግዲያው መልሰሽ አባዢው። እየጠራሽ።"

ድርሻው አምስት መቶ አስራ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር። አባዛሁት፤ ውጤቱን ከቀኝ ጀምሬ ጠራሁለት። አንድ። አንድ። አንድ። በጠራሁ ቁጥር አንድ ጣቱን ያጥፋል። አሥሩም ታጠፉና አንድ አሃዝ ቀረ። "አንድ" ስለው እጄን ፈልጎ ያዘና የእኔን ጣት አጠፈ።

"ብቸኛ መስሎኝ ነበር እኮ" አለ። ጣቴን ግን አልለቀቀም።

በማግስቱ ከሰዓት ምን እንደምንሠራ ጠፋን። ተቀመጥን፣ ሻይ ጠጣን፣ ሻዩ አለቀ። መጨረሻ ላይ "መዳፍሽን አምጪ" አለኝና በጣቱ "ሀ" ብሎ ጻፈበት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እንዲያ ነው፣ ከማያይ ሰው።