ለእማዬ ወንበር የሚሆን ሶፍት፤ ከሀዋሳ እስከ ዲላ

ሀዋሳ፣ ታቦር ሰፈር፣ ሳይነጋ

ሹፌራችን ደምሴ ሚኒባሱን በራችን ላይ አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። የመጨረሻውን ረድፍ መቀመጫ ነቅለን በቦታው ሌላ ወንበር አስቀምጠናል፤ ነጭ፣ ክዳን ያለው። ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ነው። እኛ ግን "ወንበሩ" ነው የምንለው፤ እማዬ ሽንት ቤት የሚለው ቃል ሹፌር ፊት እንዲነሳ አትፈልግም።

ጉዞው ዲላ ድረስ ነው። ለዲላ ይህን ያህል ሽርጉድ ምንድነው ብለው ጎረቤቶች ስቀውብኛል። ይሳቁ። እማዬ ዲላን ካየች አራት ዓመት አልፏታል። ስኳሩ ከጠናባት ወዲህ ግማሽ ሰዓት መታገሥ አትችልም፣ ጉልበቷ ደግሞ ቁጢጥ አያስብላትም። አውቶቡስ ለእሷ ብሎ አይቆምም፤ ቢቆምላትስ ቁጥቋጦ ሥር እንዴት ብላ ትቀመጣለች?

ዲላ ያለችው ታላቅ እህቷ አስካለች ናት። እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ ይደዋወላሉ። "መቼ ነው የምትመጪው?" ትላለች አክስቴ። "እግሬ ይሻለኝና" ትላለች እማዬ። "አንቺስ?" "ላሟን ለማን ጥዬ ልምጣ።" ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እማዬ ጭኗ ላይ አስቀምጣው ግድግዳውን እያየች ትቆያለች። ያቺን ሰዓት ማየት ነው ያቃተኝ።

መናኸሪያ፣ ከመንገዱ በፊት በነበረው ሳምንት

ወንበሩን ያገኘሁት ከምሠራበት ሐይቅ ዳር ሆቴል ነው። ቤት የተጫነበት መኪና ይዘው አገር ለአገር የሚዞሩ ባልና ሚስት ሰንብተው ሲሄዱ ትርፍ ወንበራቸውን ሰጡኝ። ሴትዮዋ አሠራሩን አሳየችኝ፤ ከላይ መቀመጫው፣ ከታች ማጠራቀሚያው፣ መሃል ላይ የምትሳብ መዝጊያ። "ሶፍቱን ተጠንቀቂ፣ ውሃ ውስጥ የሚፈርስ ይሁን" አለችኝ። እኔ ደግሞ ሶፍት ሶፍት ነው ብዬ አለፍኩት።

መናኸሪያ ወርጄ ከአንድ ሱቅ ወፍራሙን መረጥኩ፤ ድርብርቡን፣ አበባ የታተመበትን፣ ሽቶ የሚሸተውን። ለእናት ቀጭን ይገዛል እንዴ? እኛ ዘንድ አክብሮት በውፍረት ነው፤ ጋቢውም ወፍራም፣ እርጎውም ወፍራም። ግቢ ውስጥ ስንሞክረው ጉድ ፈላ። ሶፍቱ ውሃ ጠጥቶ አበጠ እንጂ አልፈረሰም፣ መዝጊያዋን ቀርቅሮ ያዛት።

ከዚያ በኋላ የየሱቁን ሶፍት በአንድ በአንድ ጥቅል ሰበሰብኩ። ከእያንዳንዱ ቁራጭ እየቀደድኩ በውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ እነቀንቅና መስኮት ላይ እደረድራለሁ።

"አሁን ደግሞ ኬሚስትሪ ጀመርሽ?" አለች እማዬ።

ነጩ እንደ ጨርቅ ተንሳፎ ቀረ። ሽቶ ያለውም እንደዚያው። ብትንትን ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ ግራጫው፣ ሻካራው፣ ሻይ ቤቶች እየቆራረጡ ለእጅ መጥረጊያ የሚሰጡት። ተጨማሪ ልገዛ ስመለስ ባለሱቁ ታዘበኝ። "የኔ እህት፣ ለእናቴ ነው አላልሽኝም ነበር?"

እማዬም አይታው ፊቷን አዞረች። "ይሄን ይዤ ነው እህቴ ቤት የምገባው?"

"እህትሽ ቤት አይገባም፣ መኪናው ውስጥ ነው የሚቀረው።"

ባዶ እጅ መሄድ የለም፤ ወፍራሞቹን ከስኳሩና ከዘይቱ ጋር ለአክስቴ ስጦታ አደረግናቸው።

ቱላ፣ ሲነጋጋ

ገና ከከተማው ወጣ እንዳልን እማዬ ትከሻዬን ነካችኝ። ደምሴ ሳይነገረው ጥግ ይዞ አቆመ፣ ወርዶም ደህናውን ጎማ በእግሩ ይመታ ጀመር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነጠላዋን እንደ መጋረጃ ዘርግቻለሁ። በመስኮት የሚታየኝ ጭጋግ፣ ወተት የጫነ ባጃጅ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡ ልጆች ናቸው። መዝጊያዋ ተሳበች፣ ተመለሰች። ሠራ!

እማዬ ቦታዋ ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሆኗል። አፏ ተፈታ።

"ልጆች ሆነን ማታ ወደ ጓሮ የምንወጣው አብረን ነበር። እኔ ጅብ እፈራለሁ። አስኩ እንሰቱ መሃል ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቆምና ትዘምርልኛለች። መዝሙሩ እስካለ ድረስ እዚያው አለች ማለት ነው። ድንገት ዝም ስትል ጮኼ እነሳ ነበር።" ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋና መንገዱን ማየት ጀመረች። "አሁን ድምጿ ራሱ በስልክ ሳስቷል። በጣም ናፍቃኛለች፣ ልጄ።"

እጇን ያዝኩ።

አፖስቶ አለፍ ብሎ

ግራና ቀኙ እንሰት ነው፤ መንገድ ዳር አናናስ ተደርድሯል። እነ እማዬ ያደጉት እዚህ አካባቢ ነው። እዚህ ቆመን ነበር መዝጊያዋ አልመለስ ያለችው።

ሽታው ቀደመ። ዞር ስል እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ከእግሯ ሥር ደግሞ አበባ የታተመበት ጥቅል። ከስጦታው ውስጥ ፈትታ አውጥታዋለች።

"ቀጭኑን ሹፌሩ እንዳያየው ብዬ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። "ልጇ የሻይ ቤት ሶፍት ነው የምትገዛላት እንዳይልሽ።" ቀጥሎ ጮክ ብላ፣ "ደምሴ፣ መልሰኝ። ሀዋሳ መልሰኝ። ሰው ፊት የምቀርብ አይደለሁም።"

ስሯ ተቀመጥኩ፤ ለመንኳት። ጭንቅላቷን ብቻ ትነቀንቃለች። አሁን ከተመለስን ሁለተኛ ከቤት እንደማትወጣ አውቃለሁ። አክስቴ ደግሞ ስንት ዓመት ትጠብቃለች?

ደምሴ ወደ ሻይ ቤት ሄዶ ሙቅ ውሃ በጀሪካን ይዞ መጣ። በሮቹን ሁሉ ከፋፈተና ከሩቅ ሆኖ ተናገረ። "እማማ፣ ስለ ሶፍት እኔን አይፈሩ። እኔ ቤት ወፍራምም ቀጭንም የለም፣ ውሃ ነው። እርስዎን ዲላ ሳላደርስ ብመለስ ሚስቴ ከቤት አታስገባኝም።"

እማዬ አልሳቀችም፤ ግን መልሰኝ ማለቷን ተወች። እኔ ጓንት አጥልቄ፣ በእንጨትና በሙቅ ውሃ ያንን ወፍራም አክብሮት ጎትቼ አወጣሁ። ማጠራቀሚያው የተደፋው እዚያው ሻይ ቤት ሽንት ቤት ነው፣ አስፈቅደን። እማዬ ከዚያ በኋላ ሻካራውን ጥቅል ራሷ አንስታ ወንበሩ አጠገብ አስቀመጠችው።

ዲላ፣ ረፋድ

አክስቴ በር ላይ ቆማ ነበር። በጣም አንሳለች። ሁለቱ ሲተቃቀፉ ማን ማንን እንደሚደግፍ አይለይም። የተነጋገሩት በሲዳምኛ ስለሆነ ግማሹ አመለጠኝ።

ቡርሳሜ ከወተት ጋር ቀረበልን፤ ቆጮው ቅቤ ጠግቦ ያብረቀርቃል። ገና ሳንጨርስ እማዬ አየችኝ። ወንበሩን አስወርጄ ጓዳ አስገባሁት።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለች አክስቴ።

እማዬ መሬት መሬት እያየች ነገረቻት። ስኳሩን፣ ጉልበቷን፣ መታገሥ አለመቻሏን፣ እግሬ እያለች ለዓመታት ያሳበበችውን ሁሉ።

አክስቴ የወተቱን ብርጭቆ አስቀመጠች።

"ወርቄ፣ ላም የለኝም" አለች። "ከሸጥኳት ቆየሁ። ወተቱም የጎረቤት ነው።"

እማዬ ቀና አለች።

"እኔም እኮ መታገሥ አቅቶኝ ነው የቀረሁት። አውቶቡስ ላይ አንድ ቀን... በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ከሰፈር አልወጣሁም። ለአንቺ እንዴት ብዬ በስልክ ልንገርሽ?"

መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት። ከዚያ ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ፣ እየሳቁ አለቀሱ። እኔም አልቻልኩም፤ ተነስቼ ወጣሁ። አራት ዓመት፣ በእግርና በላም።

መልስ ወደ ሀዋሳ

በማግስቱ ስንነሳ አክስቴም ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፤ ሐይቁን ልታይ። ያመጣንላትን ባለ አበባ ሶፍት ለመንገድ ብላ በብብቷ ይዛለች። እማዬ ቀምታ ቡፌው ላይ መለሰችው። "እሱ ለዓይን ነው" አለቻት። "ለመንገድ ይሄኛው ነው" ብላ ሻካራውን አሳየቻት፤ እንደ ባለሙያ።

አፖስቶ ስንደርስ እማዬ ትከሻዬን ነካችኝ። ደምሴ አቆመና ወደ ጎማዎቹ ወረደ። ነጠላውን ልዘረጋ ስነሳ አክስቴ ከእጄ ወሰደችው።

"አንቺ ውረጂ።"

ወርጄ ከደምሴ ጎን ቆምኩ። መንገዱን ተሻግሮ እንሰቱ በነፋስ ይወዛወዛል። ከመኪናው ውስጥ ቀጭን የአሮጊት ድምፅ በሲዳምኛ መዝሙር ጀመረ፤ ይቆራረጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ መልሶ ይቀጥላል።

መዝጊያዋ ተሳባ ስትዘጋ ሰማሁ። መዝሙሩ ግን አልቆመም። እማዬም አልተነሳችም።

"እንሂድ?" አለኝ ደምሴ።

"ትንሽ ቆይ" አልኩት።